የዲዛይን ታሪክን ከስቱዲዮ ሳንነጥል እናስተምር፦ ለአዲስ መምህራን

የዲዛይን ታሪክ ኮርስ ሲሰጣችሁ አብሮ የሚሰጣችሁ አንድ ፓወርፖይንት አለ። ከእናንተ በፊት ያስተማረው መምህር፣ እሱም ከሱ በፊት ከነበረው የወረሰው ነው። በ1851 ለንደን ላይ በተከፈተው የክሪስታል ፓላስ ኤግዚቢሽን ይጀምራል። በእንግሊዛዊው ዲዛይነር በዊሊያም ሞሪስ በኩል አድርጎ ባውሃውስ የተባለው የጀርመን የዲዛይን ትምህርት ቤት ይደርሳል። ስዊዘርላንድ ትንሽ ያርፋል። አይፎን ላይ ያበቃል። ተማሪው ሦስተኛው ስላይድ ላይ ስልኩን ያወጣል። እኔም ብሆን አወጣ ነበር።

ፓወርፖይንቱ ውሸት የለበትም። ችግሩ ሌላ ነው። ተማሪው ጠዋት ስለ ባውሃውስ ይሰማል፤ ከሰዓት በኋላ ስቱዲዮ ገብቶ የጁስ ቤት ሎጎ ይሠራል። ሁለቱ ትምህርቶች አንድ ቀን ላይ ውለው አይተዋወቁም። ታሪኩ ለፈተና የሚሸመደድ፣ ስቱዲዮው እጅ የሚፈታበት ሆኖ ይቀራል። እዚህ የምጽፈው ሁለቱን እንዴት እንደማገናኛቸው ነው።

የማስተምረው ግራፊክ ዲዛይን ነው። ወደ ማስተማር የመጣሁት ደግሞ ከማተሚያ ቤት ነው። ስለዚህ ምሳሌዎቼ ወደ ፊደልና ወደ ወረቀት ያደላሉ። ፋሽን ወይም ፕሮዳክት የምታስተምሩ እንደየሙያችሁ ቀይሩት። ዓመቶቹን የጻፍኩት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

በእግር ከሚደረስበት ጀምሩ

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ስላይድ አታሳዩ። ተማሪዎቹን ይዛችሁ ውጡ። ከግቢው በር እስከ ታክሲ ተራው ያለው መንገድ ይበቃል። ታፔላ አለ። የታክሲ ጥቅስ አለ። የወንዶች ፀጉር ቤት በር ላይ የተሳለ ጭንቅላት አለ። የሊስትሮ ሳጥን፣ የጀበና ቡና በርጩማ፣ የሎተሪ አዟሪው ሰሌዳ አለ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ነገር ይምረጥ። ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም፤ ቆሞ ይሳለው። ሲስል ያያል፤ ሲያነሳ ግን ያልፋል።

ከሥዕሉ ጋር አምስት ጥያቄ ይመልስ። ማን ሠራው? ከምን ሠራው? በምን መሣሪያ? በስንት ብር? ከሱ በፊት እዚህ ቦታ ላይ ምን ነበረ?

ታሪክ ያለው አምስተኛው ጥያቄ ውስጥ ነው። ታፔላ የመረጠ ተማሪ ባለ ሱቁን ሲጠይቅ ድሮ በእጅ የተጻፈ የቆርቆሮ ታፔላ እንደነበረ፣ ከዚያ ስቲከር እንደመጣ፣ አሁን ባነር እንደሆነ ይሰማል። "ለምን ቀየሩት?" ሲል መልሱ ቀላል ነው። ባነር ርካሽ ነው፤ በማግስቱ ይደርሳል። "ታዲያ ይሻላል?" ሲል ባለ ሱቁ ቀና ብሎ የነጣውን ባነር ያያል። ተማሪው ክፍል ተመልሶ ይህን ሲያወራ ዊሊያም ሞሪስን ለማስተማር ተመቻችቷል ማለት ነው። ሞሪስ በ1891 የኬልምስኮት ማተሚያ ቤትን ያቋቋመው ማሽን ያወጣቸው የነበሩት መጻሕፍት አስቀይመውት ነው። ሶሻሊስት ነበር። የሠራቸውን መጻሕፍት መግዛት የቻለው ግን ሀብታም ብቻ ነበር። ክፍሉ ውስጥ አንዱ "እና ምን ዋጋ አለው?" ማለቱ አይቀርም። አትመልሱለት። ታፔላውን የጻፈው ሰዓሊ ዛሬ በምን እንደሚተዳደር ጠይቆ እንዲመጣ ላኩት።

ፊደሉ ብቻውን ግማሽ ሴሚስተር ይይዛል

ኢትዮጵያ ውስጥ ግራፊክ ዲዛይን ለሚያስተምር ሰው ከፊደል የበለጠ ማስተማሪያ የለም። ተማሪው በየቀኑ ይጽፈዋል። እንዴት ስልኩ ውስጥ እንደገባ ግን አስቦ አያውቅም።

ከብራናው እጀምራለሁ። ቁም ጸሐፊ ከመጻፉ በፊት ብራናውን ያሰምራል። ጠርዙን በወስፌ ይበሳል። ከዚያ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ በደነዘ ብረት ይጭራል። ቀለም የለውም፤ ጭረቱ ብቻ ይታያል። የዓምዱ ስፋት፣ ህዳጉ፣ በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት፣ ሁሉም የሚወሰነው አንድም ፊደል ሳይጻፍ ነው። ይህን ነግሬ ወፍራም ወረቀት፣ ወስፌና ማስመሪያ አድላለሁ። እርሳስ ክልክል ነው። ገጹን በሁለት ዓምድ ያሰምራሉ። ከዚያ በመቃ ብዕር አንድ አንቀጽ ይጽፋሉ፤ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች በቀይ ቀለም፣ የቀረውን በጥቁር። መቃውን ራሳቸው ይቅረጹ። ብዙው ይሰነጠቃል። ይሰንጠቅ።

ገጽ የሚያቀናብሩበትን ኢንዲዛይን የተባለ ፕሮግራም ሲከፍቱ የማርጂን ሳጥኑን ሳያዩ "ኦኬ" የሚሉ ልጆች በዚህ ሥራ ላይ ስለ ህዳግ መጨቃጨቅ ይጀምራሉ። ምክንያቱም ህዳጉ የተሳሳተበት ገጽ ሌላ አንድ ሰዓት ያስከፍላቸዋል። የስዊዘርላንዳዊውን ግራፊክ ዲዛይነር የጆሴፍ ሙለር-ብሮክማንን የዙሪክ የኮንሰርት ፖስተሮች ያን ጊዜ አውጡ። "ጽሑፉ ለምን እዚህ ተሰለፈ?" ብላችሁ ጠይቁ። ካልኩሌተር አውጥቶ የሚያሰላ ተማሪ ታገኛላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። "ግሪድን (ገጽን በማይታዩ መስመሮች መከፋፈልን) እኛ ነን የጀመርነው" የሚል ተማሪ ይነሳል፤ ክፍሉም ያጨበጭባል። አታበረታቱት። የአውሮፓ መነኮሳትም ብራናቸውን እየበሱና እየጫሩ ነው ያሰመሩት። የቀደመውን ማወጅ ሥራችን አይደለም። አንድ ዓይነት ችግር የገጠማቸው ሰዎች በየቦታቸው ምን እንዳደረጉ ማየት ይበቃናል። ይህን ቀደም ብላችሁ ካላስተካከላችሁት የቀረው ኮርስ የኩራት ንግግር ይሆንባችኋል፤ ከኩራት ንግግር ደግሞ ጥሩ ፖስተር ሲወጣ አላየሁም።

ከብራና ወደ ኅትመት ስንሻገር ተማሪዎቹን የሚያስገርማቸው ቦታው ነው። በግዕዝ ፊደል የመጀመሪያው መጽሐፍ የታተመው ሮም ላይ ነው፤ በ1513። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ቋንቋውን ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። ቋንቋውን ከለዳዊ ነው ብሎ ማመኑ ሌላ ጉዳይ ነው። ቆይቶ በ1548 የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮንና ጓደኞቻቸው እዚያው ሮም ሐዲስ ኪዳንን ማሳተም ጀመሩ። መጽሐፉ ላይ አንባቢን ይቅርታ ይጠይቃሉ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ አታሚዎቹ ፊደላችንን ማንበብ አይችሉም፣ እኛ ደግሞ ማተም አናውቅም፣ ስለዚህ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ተረዳዳን፤ ስሕተት ብታገኙ ማሩን።

ይህን ሳነብላቸው ክፍሉ ይስቃል። እኔ ግን የማተሚያ ቤት ዘመኔ ነው የሚታወሰኝ። ዛሬም ዲዛይነሩ ማሽኑን አያውቀውም፤ ኦፕሬተሩ ዲዛይኑን አያውቀውም። ስለዚህ ከዚህ ትምህርት ቀጥሎ የምሰጠው ሥራ ማተሚያ ቤት ሄዶ ግማሽ ቀን መዋል ነው። ትልቅ መሆን የለበትም። የሠርግ ጥሪ የሚያትም ትንሽ ቤት እንዲያውም ይሻላል፤ ሥራ የማይበዛበት ኦፕሬተር ያወራል። ተማሪው ሲመለስ የተበላሸ አንድ ወረቀት ይዞ ይምጣ። ቀለሙ የተደራረበበት፣ የተንሸራተተ፣ ጠርዙ የተቆረጠ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱን ሰሌዳ ላይ ለጥፎ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ያስረዳ። ከማሽኑ ነው? ምስሉን ከሚያትመው ሰሌዳ፣ ከፕሌቱ? ወይስ ጽሑፉን ጠርዝ ድረስ ካስጠጋው ዲዛይነር? አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ነው።

ከሁሉም የሚወዱት ግን የኪቦርዱን ሥራ ነው። በአራት በአራት ሆነው ይቀመጣሉ። የጽሕፈት መኪና ኪቦርድ ሥዕል እሰጣቸዋለሁ። 44 ቁልፍ አለው፤ እያንዳንዱ ሁለት ምልክት ይይዛል። ጠቅላላው 88 ቦታ ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። "አማርኛን አስገቡ" ብዬ እወጣለሁ።

ስመለስ ክፍሉ ገበያ ሆኗል። አንዱ ቡድን ሀን፣ ሐንና ኀን ወደ አንድ ጠቅልሏቸዋል፤ ሌላው ቡድን ይህን ሰምቶ ተቆጥቷል። ሦስተኛው ግዕዙን ብቻ አስቀምጦ ለካዕብ፣ ለሣልስና ለሌሎቹ የሚቀጠል ጭረት ፈጥሯል። አራተኛው ሁለት ቁልፍ ተከታትሎ ሲመታ አንድ ፊደል የሚወጣበትን መንገድ አስቧል። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሱ የታገሉት ከዚሁ ጥያቄ ጋር እንደነበር የምነግራቸው አሁን ነው። በድሮ መኪና የተመታ ደብዳቤ አድላለሁ። ቅጥያዎቹ ከፊደሉ ገላ ትንሽ ተነጥለው ይታያሉ። ተማሪዎቹ ወዲያው ያውቋቸዋል፤ ከደቂቃዎች በፊት ራሳቸው ያሰቡት ነገር ነዋ።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ይመጣል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የግዕዝ ፎንት የሠሩት ሰዎች እያንዳንዳቸው ፊደሉን በየራሳቸው ኮድ ነበር የሚያስቀምጡት። በአንዱ ፎንት የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ማተሚያ ቤት ስሠራ ደንበኛ ፍሎፒ ይዞ ይመጣል፤ ፎንቱን ግን አያመጣም። "እኔ ቤት ይከፍታል" ይላል። ሠራተኛው ሁሉ ይህን ዓረፍተ ነገር ይጠላው ነበር። በ1999 ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ 3.0 እትም ሲወጣ የኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቋሚ ቦታ አገኘ። ዛሬ ስልካቸው ላይ የሚጽፉት በዚያ ምክንያት ነው። ተማሪዎቹ ይህን ሲሰሙ የዲዛይን ውሳኔ ኮሚቴ ውስጥም እንደሚወሰን ይገባቸዋል።

ባውሃውስን ወደ ሽሮ ሜዳ ውሰዱት

ባውሃውስ በ1919 ቫይማር ላይ ተከፈተ። በ1925 ወደ ዴሳው ሄደ። በ1933 በናዚዎች ጫና ተዘጋ። ይህን ስላይድ ላይ ማስቀመጥ ትችላላችሁ፤ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ስቱዲዮ ውስጥ የሚጠቅመው ሌላው ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እያንዳንዱ ወርክሾፕ ሁለት መምህር ነበረው። አንዱ ሠዓሊ ነው፤ ቅርጽን ያስተምራል። ሌላው የእጅ ባለሙያ ነው፤ ሥራውን ያስተምራል። የትምህርት ቤቱ መሥራች ግሮፒየስ ሁለቱን አንድ ጣሪያ ሥር አስቀመጣቸው።

ይህን ማውራት ቀላል ነው፤ እኔ ግን እንዲሞክሩት አደርጋለሁ። ተማሪዎቹ በካሬ ወረቀት ላይ ጥለት ይነድፋሉ። አንዱ ካሬ አንድ የክር ቁጥር ነው። ከዚያ ሽሮ ሜዳ ሄደን ለሸማኔ እናሳያለን። ሸማኔው ያየዋል። "ይሄ አይሆንም" ይላል። ክሩ ረዝሞ ስለሚላላ፣ ወይም ቁጥሩ ስለማይገጥም፣ ወይም አንድ ክንድ ለመሥራት ሳምንት ስለሚፈጅና የሚገዛው ስለሌለ። ይህ ተማሪው በአራት ዓመት የሚሰማው ምርጡ ክሪቲክ (በሥራው ላይ የሚሰጥ አስተያየት) ነው። ተማሪው ንድፉን ያስተካክላል፤ ሸማኔው ጥቂት ጣት ያህል ሠርቶ ያሳየዋል።

ሁለት ሕግ አለኝ። አንደኛ፣ የሸማኔው ጊዜ ይከፈላል። ዲፓርትመንቱ በጀት ከሌለው ተማሪው ለፕሪንት ከሚያወጣው ላይ ይዋጣ። ሁለተኛ፣ ሥራው ሲለጠፍ የሸማኔው ስም ከተማሪው ስም ጎን፣ በእኩል መጠን ይጻፋል። ሁለተኛውን ሕግ ከመጀመሪያው በላይ የሚቃወም ተማሪ አጋጥሞኛል።

አሁን ወደ ባውሃውስ ተመለሱ። እዚያ ሴቶች ተማሪዎች በብዛት የሚመሩት ወደ ሽመና ወርክሾፕ ነበር። ጉንታ ሽቶልዝል ያን ወርክሾፕ እስከ መምራት ደረሰች። "ሽመና የሴት ሥራ ነው" ተብሎ ስለተወሰነ ነው ወደዚያ የተገፉት። ሽሮ ሜዳ ያዩት ሸማኔ ግን ወንድ ነው፤ ፈትሉን የፈተለችው ሴት ናት። "ታዲያ ሽመና የማን ሥራ ነው?" ብላችሁ ጠይቁና ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ። ቀሪውን ሰዓት ክፍሉ ራሱን ያስተምራል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ አገራችን ውስጥ ተንቀው የኖሩ ናቸው። ሙያቸው ራሱ ስድብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰዋል። አዋጅ ያስፈለገው ነገሩ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ያሳያል። የኢትዮጵያ የዲዛይን ታሪክ ያለዚህ ሙሉ አይሆንም። የሠሪው ስም ያልተጻፈባቸው ዕቃዎች ለምን እንደበዙ የሚገባን ከዚህ ተነስተን ነው። ተማሪዎቻችሁ መካከል የሸማኔ ልጅ ይኖራል። ማን እንደሆነ በክፍል ፊት በፍጹም አትጠይቁ። ራሱ መናገር ከፈለገ በጊዜው ይናገራል። አንዳንዱ የሚናገረው ሸማኔው ስሙ ከዲዛይነሩ ስም ጎን ተጽፎ ካየ በኋላ ነው።

ጀበና፣ ከመንደፍ በፊት

ፕሮዳክት ለሚያስተምሩ አንድ ነገር ልጨምር። ቻርልስና ሬይ ኢምስ በ1958 ለሕንድ መንግሥት በጻፉት ሪፖርት ሎታ የምትባለውን የውኃ ዕቃ አንስተው፣ እሷን ለመንደፍ የሚነሳ ሰው ምን ምን መጠየቅ እንዳለበት ይደረድራሉ። ሲሞላ ምን ያህል ይመዝናል? ጭንቅላት ላይ እንዴት ይቀመጣል? ሲቀዳ ምን ድምፅ አለው? ሕንድ ውስጥ የዲዛይን ትምህርት ቤት ሲቋቋም ይህ ሪፖርት መነሻ ሆኗል።

እኛ ጋ ጀበና አለ። ተማሪ "ዘመናዊ ጀበና" መሥራት ይወዳል። አትከልክሉ፤ ግን እርሳስ ከማንሳቱ በፊት ሁለት ገጽ ጥያቄ ይጻፍ። አንገቷ ለምን ጠበበ? አተላው የት ይቀራል? ማቶት ከሌለ ምን ላይ ትቀመጣለች? ውታፉ ከምን ይሠራል? ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች እጅ ወጥታ ገበያ እስክትደርስ ስንቷ ትሰበራለች? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ተከትለው የሚሄዱ ተማሪዎች ጀበናዋን መቀየር ይተዋሉ። ማጓጓዣ ካርቶን ይሠራሉ። ከካርቶኖቹ አንዳንዶቹ በእውነት ይሠራሉ።

ክሪቲክ ላይ ይሉኝታን እንዴት እንደምንቋቋም

የእኛ ተማሪ ጓደኛውን ፊት ለፊት አይነካም። "አሪፍ ነው" ይላል። ከዚያ መምህሩ ይናገራል፤ ሁሉም መምህሩ ያለውን ይደግማል። ይህ ክሪቲክ አይባልም።

የምሠራበት መንገድ ይኼ ነው። ሥራዎቹ ያለ ስም ይለጠፋሉ። ባለቤቱ ዝም ይላል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ለመግለጽ ብቻ ናቸው። "ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው እዚህ ነው"፣ "ይህን ጽሑፍ ከዚህ ርቀት ማንበብ አልቻልኩም"። "ያምራል" እና "ደስ አይልም" የሚሉት ቃላት እስከዚያ ድረስ ታግደዋል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ተናጋሪ በታሪክ ክፍለ ጊዜ ካየነው አንድ ሥራ መጥቀስ አለበት፦ ተመሳሳይ ችግር የገጠመው ማን ነበር? ምን አደረገ? ከኮርሱ ሁሉ ይህን አንድ ሕግ ብቻ ብትወስዱ ይበቃኛል። ታሪኩ ለፈተና መሆኑ የሚያበቃው እዚህ ነው። ተማሪው የዙሪኩን ፖስተር የሚያስታውሰው ጓደኛውን ለመርዳት ስለፈለገው ነው።

መምህሩ የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው። ይከብዳል። አፋችሁን ያዙ።

ክፍሉ ውስጥ አርባ ተማሪ ካለ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትሞክሩ። ከአሥረኛው ሥራ በኋላ ማንም አይሰማም። ስድስት ስድስት አድርጋችሁ ከፋፍሏቸው፤ እናንተ እየዞራችሁ ስሙ። የሚናገር የሌለበት ቡድን ካለ አስተያየቱ በብጫቂ ወረቀት ይጻፍና ሥራው ላይ ይለጠፍ። በጽሑፍ የሚሰጥ አስተያየት ይሉኝታ ያንሰዋል፤ አንዳንዴ ጭራሽ ያጣል፤ እሱንም ተቆጣጠሩ።

ጥቃቅን ግን የማይዘለሉ

መብራት ይጠፋል። ስለዚህ ፕሮጀክተር ላይ አትደገፉ። የምታሳዩዋቸውን ሥራዎች ኤ3 ላይ አሳትማችሁ በፖስታ አስቀምጡ። አንዴ ወጪ ነው፣ ለዓመታት ያገለግላል። ደግሞ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ተማሪው ሁለት ሥራ ጎን ለጎን አድርጎ ያነጻጽራል፤ ስላይድ ይህን አይፈቅድም።

በኤአይ የተሠራ ፖስተር ይዞ የሚመጣ አለ። አልከለክልም። በመጀመሪያው ቀን መንገድ ላይ የመለሳቸውን አምስት ጥያቄዎች ግን እጠይቀዋለሁ፤ የጣላቸውንም ምስሎች ይዞ ይምጣ። ብዙ ጊዜ ምስሉ ላይ ያለው ግዕዝ መሰል ጽሑፍ ፊደል አይደለም። የሐሰት ፊደል ማግኘት ክፍሉ ውስጥ የሚያስቅ ጨዋታ ሆኗል፤ ዓይንም ያሠለጥናል።

የአገር ውስጥ ቁሳቁስ የለም አትበሉ። ወመዘክር የድሮ ጋዜጦች አሉት። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ከመስቀል እስከ ስፌት ያሳያል። ቴምብር ደግሞ የትም ይገኛል። በ1894 የወጡት የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች የምኒልክን መልክና የይሁዳን አንበሳ የያዙ ናቸው፤ የተቀረጹት ግን ፓሪስ ነው፤ ቀራጩም ፈረንሳዊው ኤዥን ሙሾን ነው። ከዚያ ወዲህ ካሉት ጋር ደርድራችሁ "ንጉሡን ማን ነው የሚያየው? ፈረንጁ ወይስ እኛ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በ1960ዎቹ ያስጀመሯቸው የ"13 ወር ጸጋ" የቱሪዝም ፖስተሮችም ለዚሁ ጥያቄ ይመቻሉ። አለ ፈለገ ሰላም በ1957 የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ሲያቋቁሙ የፊደል አጣጣል ራሱን የቻለ ጥበብ ሆኖ እዚያ ቦታ አግኝቷል፤ የይገዙ ብሥራትን የፊደል ሥራዎች ያየ ተማሪ "አማርኛ ለሎጎ አይመችም" ማለት ያፍራል።

ነጥብ አሰጣጥን በተመለከተ፣ ከመቶው አርባውን ለሂደቱ ስጡ። የተጣሉ ንድፎች፣ የተሰነጠቀ መቃ፣ የማተሚያ ቤቱ ብልሽት ወረቀት፣ ሁሉም ይቆጠራል። ለመጨረሻው ሥራ ሠላሳ፣ ለክሪቲክ ተሳትፎ አሥራ አምስት። የቀረው አሥራ አምስት ለፈተና ነው።

ዲፓርትመንቱ የጽሑፍ ፈተና ግድ ካለ

አብዛኛውን ጊዜ ግድ ይላል። የባውሃውስን ዓመተ ምህረት አትጠይቁ፤ ተሸምድዶ ይጻፋል፣ በማግስቱ ይረሳል። እኔ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ዕቃ በፖስታ አድርጌ እሰጣለሁ። የክብሪት ቀፎ፣ የድሮ የሎተሪ ትኬት፣ ቴምብር፣ የሳሙና መጠቅለያ፣ የአዲስ ዘመን ቁራጭ። ዓመቱ የተጻፈበትን ቦታ እሸፍነዋለሁ።

ጥያቄው እንዲህ ይላል። ዕቃውን ሳል። መቼ እንደተሠራ በሃያ ዓመት ልዩነት ገምት፤ ግምትህን ከወረቀቱ፣ ከቀለሙ፣ ከፊደሉና ከአታተሙ ተነስተህ አስረዳ። ካየናቸው ሥራዎች መካከል የሚቀርበውን አንድ ጥቀስ። በቀሪው ሃያ ደቂቃ አንድ ነገሩን ብቻ ቀይረህ እንደገና ንደፍ፤ ለምን ያን እንደመረጥክ በሁለት መስመር ጻፍ።

ዓመቱን በአርባ ዓመት የሳተ፣ ግን "ፊደሉ ቅጥያ ስላለው ከጽሕፈት መኪና ነው፤ ቀይና ጥቁር ብቻ ስለሆነ በሁለት ፕሌት ነው የታተመው" ብሎ የተከራከረ ተማሪ ከእኔ ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ትንሽ ይቀረዋል። ትክክለኛውን ዓመት ጽፎ ምክንያቱን ያልጻፈ ግማሹን ያገኛል። ይህን ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ንገሯቸው፤ አለዚያ የቅሬታ ሰልፍ ይጠብቃችኋል። ወረቀቱን ስትሰበስቡ ደግሞ ፖስታዎቹን ከፍታችሁ ቁጠሩ። ቴምብር ይጠፋል።